ልጅ ስንይዝ የሚከፈት በር

እህቶቼ፣ የአንድ መዝናኛ ጥሩነት ወይም መጥፎነት የሚነገረው በምግቡና በገንዳው ንጽህና ነው። እኔ ስለ ምግቡ ልነግራችሁ አልችልም፤ አልቀመስኩትም። የማውቀው በሩን ነው።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ስድስት ሆነን እሁድን ከቤይሩት ወጣ ብሎ ባለ የባሕር ዳር መዝናኛ ልናሳልፍ ተነጋገርን። የደወልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ አረብኛው አያስቸግረኝም፤ ሰውየው "አህለን፣ አህለን" እያለ ለስድስት ሰው ቦታ ያዘልን። 60 ዶላር ቀብድም ከፈልን።

በዕለቱ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ስሜን ከዝርዝሩ አገኘችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችን። ስልክ ደውላ በሹክሹክታ አወራችና "ተሰርዟል፤ ዛሬ ሞልቷል" አለችን። እኛ እዚያው ቆመን እያየን፣ ቦታ ያላስያዙ ባልና ሚስት ከኋላችን መጥተው ገቡ። ቀብዳችንን ስንጠይቅ "ማኔጀሩ የለም፣ ነገ ደውሉ" ተባልን። ይኸው እስከ ዛሬ እየደወልን ነው።

ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ በር ገብቻለሁ። ያኔ የማዳምን ሁለት ልጆች ይዤ፣ ፎጣና ምሳ ተሸክሜ ነበር። ማንም ስሜን አልጠየቀኝም። ቀኑን ሙሉ በዩኒፎርም ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ እግሬን እንኳ ውሃ ውስጥ አልነከርኩም። እንግዲህ የከበዳቸው መግባታችን ሳይሆን ከፍለን፣ እንግዳ ሆነን መግባታችን ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከዓመታት በፊት ካጣራቸው 27 የግል የባሕር ዳርቻዎች 17ቱ የቤት ሠራተኞች እንዳይጠቀሙባቸው ይከለክሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የሊባኖስ ቱሪዝም ሚኒስቴር እነዚህ ቤቶች እንግዳን በዘርና በዜግነት እንዳይለዩ መመሪያ አወጣ። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ "አትገቡም" የሚለው ቃል ስለማያዋጣ ነው "ሞልቷል" እና "ተሰርዟል" የሚባለው።

ከእኛው ውስጥም "ምን አስኬዳችሁ? ራምለት አል ባይዳ በነፃ አለ አይደል?" ያሉን አሉ። እዚያም እሄዳለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ወድዶ መሄድና ተባርሮ መሄድ አንድ አይደለም። በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት እንዳለን በ2009 የወጣው የሥራ ውል ላይ ተጽፏል። ያን ቀን የት እንደምንውል ማን ይምረጥልን?

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ቀብዱን በእጅ ሰጥቼ ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ቦታውንም በቃል ብቻ ነው ያስያዝኩት። እናንተ እንደኔ አትሁኑ፦ በዋትሳፕ ጽፈው እንዲያረጋግጡላችሁ አድርጉ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ ከመለሷችሁም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰጡትን ምክንያት ጽፋችሁ ወደ ማኅበራችን አምጡ። ብቻዬን ሳወራ ተራ ስሞታ ነው የሚሉኝ፤ ስንበዛ ግን ጠበቃም ሚኒስቴርም ዘንድ ይዘነው የምንሄደው ነገር ይኖረናል።

የዚያን ቀን የያዝነውን ምሳ ኮርኒሽ ላይ ተቀምጠን በላን። ከመካከላችን ትንሿ ለዚህ ቀን ብላ የዋና ልብስ ገዝታ ነበር፤ ዋጋው እንደተለጠፈበት በቦርሳዋ ይዛው ተመለሰች። ባለፈው እሁድ "እና መቼ ነው የምንሄደው?" አለችኝ። ሌላ ቦታ ጠይቄያለሁ። አሁን ግን በጽሑፍ ነው።