ገንዳው ለማን ነው?

አምና አጋሮ ያለው ወንድሜ ቡናው ዋጋ አወጣለትና መታጠቢያ ቤቱን ሊያሳድስ ተነሣ። የቧንቧ ሠራተኛው «ሻወሩ ከገንዳው በላይ ይሁን ወይስ ለየብቻ?» ሲለው፣ «ገንዳ የሌለው ቤት ደግሞ ቤት ነው እንዴ?» አለ።

እኔ ሒሳብ ያዝኩ። ገንዳ ለመሙላት 160 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 8 መሆኑ ነው። ለአጭር ሻወር 50 ሊትር ይበቃል። ሰማያችን ዝናብ አይነፍገንም፤ የሰፈራችን ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው። ስንት ቤት አይቻለሁ፣ ገንዳው ውኃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ በጣሳ ሲታጠብ!

እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ያ ውኃ ግን ራሱ ይፈልቃል፤ በጀሪካን አልመጣም።

ዋናው ጉዳይ እናታችን ነች። ጉልበቷ የገንዳውን ጠርዝ አይሻገርም። ሻወሩ ከገንዳው በላይ ከተሰቀለ ያለ ደጋፊ አትታጠብም፤ ለየብቻ እንዳይሆን ክፍሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ገንዳው ይቅርና ወለሉ የማያንሸራትት፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ያለው ሻወር ይሁን አልኩት።

«እንግዳ ምን ይለኛል?» አለኝ።

እንግዳማ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ቤት የምትቀረው እናት ናት።