ምን አሞዎት ነው?

ካኮ የሄድኩት ለእረፍት ነበር፤ የተመለስኩት ግን የቤት ሥራ ተሸክሜ ነው። ለስንት ዓመት ለተማሪ የቤት ሥራ ስሰጥ የኖርኩትን ሰውዬ፣ የቤት ሥራ የሰጠችኝ አንዲት ምግብ ሻጭ ናት።

ካኮን ለማያውቅ፦ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ ከጂንካ ብዙም ያልራቀች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በገበያ ቀን በናው ማሩንና ፍየሉን፣ አሪው የደጋውን ምርት ይዞ ይገናኝባታል። የእህቴ ልጅ እዚያ ታስተምራለች፤ «አጎቴ፣ ከአዲስ አበባ ወጥተህ አገርህን እይ እንጂ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማ፣ ተረታሁላትና ሄድኩ።

ጠዋት ገበያው ዳር ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ፍርፍር በላን። ከበላሁ በኋላ እንደ ልማዴ ከኮቴ ኪስ ብልቃጤን አወጣሁና አንዲት ክኒን በውኃ አወራረድኩ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወጣት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ትሪውን ልታነሳ መጥታ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን አሞዎት ነው?»

«ኧረ ምንም አላመመኝም።»

«ታዲያ መድኃኒቱ?»

«መድኃኒት አይደለም። ቫይታሚን ነው።»

«እሱ ምን ያደርጋል?»

ጎበዝ! ለስንት ዓመት ብላክቦርድ ፊት ቆሜ «ገጣሚው እዚህ ላይ ምን ማለቱ ነው?» እያልኩ ልጆች ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው፣ አፌ ተሳሰረ። ብዬ ብዬ «ለጤና» አልኳት። እሷም ትሪዋን እያነሳች፣ «ጤነኛ ነኝ አሉኝ እኮ» አለችኝ። የእህቴ ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ተናግሮባታል።

ስለ ብልቃጡ ልንገራችሁ። የምትልክልኝ አሜሪካ የምትኖር ዘመዴ ናት። አገር ቤት የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ከሻንጣው ጥግ አንድ ታስቀምጥልኛለች። አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጁ ላይ እንዲህ ያለ ብልቃጥ የሌለበት ደህና ቤት ካለ አሳዩኝ። አንዳንዱ ቤት ቀኑ እስኪያልፍበት የሚቀመጠው ለጌጥ ነው። ምክንያቱም ክኒን ብቻ አይደለም፤ «አስታውሰንሃል» የሚል የባሕር ማዶ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ አይጣልም።

የካኮዋ ሴት ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማታ ማረፊያዬ ገብቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የብልቃጡን ጽሑፍ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው አነበብኩት። ቅጽሉን ትቼ ግሡን ፈለግሁ። ክኒኑ ልብን «ይደግፋል»፣ አእምሮን «ያግዛል»፣ የሰውነት መከላከያን «ያጠናክራል»። «ያድናል» የሚል የለም። «ይከላከላል» የሚልም የለም። የሚደግፈውን ያህል የሚለካ፣ ባይደግፍ የሚጠየቅ ማንም የለም። ከታች ደግሞ በትንኝ ፊደል፣ ይህ ምርት የትኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም ይላል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ፣ እንዲህ ያለውን ምርት የሚሸጥ ሰው ፈዋሽነቱን አስቀድሞ ለመንግሥት ማስመስከር አይጠበቅበትም። «ይደግፋል» ለማለት ይፈቀድለታል፤ ሲል ግን ያቺን የትንኝ ፊደል አብሮ መጻፍ አለበት። ከላይ በትልቁ ቃል ይገባል፣ ከታች በትንሹ ቃሉን ይበላል።

እንግዲህ ቫይታሚን ውሸት ነው ልል አይደለም። ኧረ በጭራሽ! እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም፣ ድዳቸው እየደማ በስከርቪ የሚማቅቁ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለየብቻ መገባቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በቀናት ውስጥ አገገሙ። «ቫይታሚን» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ካዚሚር ፈንክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲያወጣው ነው። ልብ በሉ፦ የቫይታሚን ታሪክ ሁሉ የጉድለት ታሪክ ነው። የጎደለው ሲሞላለት ተአምር ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው «የጎደለውን ካዳነ፣ የሞላውን ደግሞ አንበሳ ያደርገዋል» የተባለ ዕለት ነው።

ይህን ሐሳብ የፈተኑት ትልልቅ ጥናቶች ናቸው። ካሮትን ካሮት ያስመሰለው ቀለም፣ ቤታ ካሮቲን፣ ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶችን ባሳተፈ ጥናት ተሞከረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ ክኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት 28 በመቶ ጭማሪ ስላሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ካሮቱ አልበደለም፤ ከካሮት ነጥለው፣ አብዝተው በክኒን ያደረጉት ነው ጉድ ያመጣው።

የኔው ዓይነት፣ ሁሉን በአንድ የያዘው የየዕለት ክኒንስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 390,124 ጤነኛ ጎልማሶችን ከ20 ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ በየቀኑ የሚውጡት ከማይውጡት ረዘም ያለ ዕድሜ አለመኖራቸውን አይቷል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ተቃራኒውንም ልናገር። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆነ 14,641 ሐኪሞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ ካንሰር በ8 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በልብ ሕመም ላይ ግን ለውጥ የለም። አረጋውያን ላይ ለማስታወስ ችሎታ ጥቂት እንደሚረዳ ያሳዩ የቅርብ ጊዜ ጥናቶችም አሉ። እስከዚያ ጊዜ የነበረውን ማስረጃ የመዘነው የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 የደረሰበት መደምደሚያ፣ ለጤነኛ ሰው ውሰድም አትውሰድም ለማለት በቂ ማስረጃ የለም፣ ቤታ ካሮቲንንና ቫይታሚን ኢን ግን ካንሰርን ወይም የልብ ሕመምን ለመከላከል ብሎ መውሰድ አይመከርም የሚል ነው። ባጭሩ፣ በልቶ ለሚያድር ጤነኛ ሰው ጥቅሙ ቢኖር እንኳ የሚያወላዳ አይደለም። በብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ጋር ሲተያይማ ምን ይወራል።

አሁን ወደ ካኮ ልመልሳችሁ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

በማግስቱ ቁርስ ልንበላ ስንመለስ ሴትየዋ ራሷ ወሬውን አነሳችው። «ለእኔም ጤና ኬላ ቀይ ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ለደም ነው ብለው። አቅለሸለሸኝ፣ ዓይነ ምድሬም ጠቆረ፤ ደንግጬ ተውኩት።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ኪሴ ጣል አድርጋ፣ «የእርስዎ የአሜሪካው ይሻል ይሆን?» አለችኝ።

እጄ ብልቃጡ ጋ ደርሶ ነበር። እንካችሁ ማለት እንዴት ደስ ይላል! አንድ የአዲስ አበባ ሰው ካኮ ድረስ መጥቶ አሜሪካ ሠራሽ ቫይታሚን ሰጠ ተብሎ ይወራልኝ ነበር። ደግነቱ ማታ ያነበብኩት ጽሑፍ ትዝ አለኝ። የእኔው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች የተቀመመ ነው። ሃያ ምናምን ነገር ተዘርዝሮበታል፤ አይረን ግን ጭራሽ የለበትም፤ በዚህ ዕድሜ ለወንድ አያስፈልግም ተብሎ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። እሷ የሚያስፈልጋት ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱ ነበር። ያ የናቀችው ቀይ ክኒን አይረንና ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴትን ከደም ማነስ ይጠብቃል። ዓይነ ምድር ማጥቆሩ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ማቅለሽለሹም ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። ቡናው ግን ከክኒኑ ራቅ ማለት አለበት፤ አይረኑን ይሻማልና። ይህን ሁሉ የነገረቻት እኔ አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ከገበያው መልስ ጤና ኬላ ይዛት ሄዳ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት የነገረቻት። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ብልቃጤን ኪሴ መመለስ ነው።

አያችሁ፣ ያቺ ሴት ብቻዋን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በእርግዝናቸው ጊዜ የአይረን ክኒን ከነአካቴው የቀመሱ እናቶች 42 በመቶ ነበሩ፤ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ማርና ቅቤ፣ ሙዝና ጎመን የሞላበትን ገበያ ያየ ሰው፣ እዚህ አገር ምን ይጎድላል ይላል። ጠጉራም ውሻ አለ ሲሉት ይሞታል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ገበያ ላይ ያለ ሁሉ ገበታ ላይ አይደርስም፤ ባለ ማሩ ማሩን የሚያመጣው ሊሸጠው ነው።

ቫይታሚን በእርግጥ ነፍስ የሚያድንባቸው ቦታዎች ታዲያ ማስታወቂያ የላቸውም። ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጣቸው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ዓይናቸውንም ነፍሳቸውንም ይጠብቃል። እንቅርት ድሮ የየአካባቢው መለያ እስኪመስል የተንሰራፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ጨው አዮዲን ይኑረው ያለው ለዚህ ነው። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ሲወሰድ፣ በጽንስ አከርካሪና አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንዳይደገም በ72 በመቶ እንደሚከላከል እ.ኤ.አ. በ1991 ተረጋግጧል። እኛም አገር ዱቄትና ዘይት እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸድቋል። ይህ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ብልቃጥ የለውም፤ በጨው፣ በዱቄት፣ በጠብታ ነው የሚመጣው። ተቆጣጣሪ ከተኛ ደግሞ ማንም ሳያውቅ ይጎድላል።

ስለዚህ «በየቀኑ ቫይታሚን መውሰድ ይጠቅማል ወይ?» ለሚለኝ ወዳጄ መልሴ ጥያቄ ነው፦ ለማን? ለነፍሰ ጡሯ፣ አዎ። ለሕፃኑ፣ አዎ። ሥጋም ወተትም እንቁላልም ከነጭራሹ ለማይቀምስ ሰው፣ ቢ12 ያስፈልገዋል። ሐኪም መርምሮ ይህ ጎድሎሃል ላለው፣ የታዘዘለትን ይውሰድ። እንደኔ ላለው፣ ምሳውን ጥሬ ሥጋ ቆርጦ፣ ማታ ደረጃ መውጣት አቅቶት ሊፍት ለሚጠብቅ ሰው ግን፣ ክኒኑ የሚሞላው የሰውነትን ጉድለት ሳይሆን የኅሊናን ነው። ጎመኑን በላሁ፣ በእግሬ ሄድኩ እንዲል ያደርገዋል፤ ሳይበላ፣ ሳይሄድ።

ከካኮ ከተመለስኩ በኋላ ዘመዴ ዘንድ ደወልኩ። ብልቃጡን ተይው፣ ድምፅሽ ይበቃኛል አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ ድምፅዋ ውስጥ ስጋት ገብቶ፣ «ለምን? ምን አሞህ ነው?» አለችኝ።

ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር። ክኒኑን ከመላኳ በፊት ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ከመዋጤ በፊት ራሴን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ካኮ ላይ አላፍርም ነበር።