ሁለተኛዋ ሴት፦ ወዳጅነትና ሥልጣን በባሕረ ሰላጤው ምናባዊ ትረካ

የሳዑዲዋ ዳይሬክተር ሻሃድ አሚን እ.ኤ.አ. በ2019 በቬኒስ ፌስቲቫል ባሳየችው «ሰይደት አል በሕር» በተሰኘ ፊልም ውስጥ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሴት ልጆቹን ለባሕር ይገብራል። ሐያትን ግን አባቷ ሊጥላት ወስዶ አንጀቱ አልችል አለና መልሶ አቀፋት። ከዚያ ወዲህ እግሯ ላይ ቅርፊት የበቀለባት፣ ሰው የሚሸሻት፣ የመንደሩ መርገም ተደርጋ የምትታይ ልጅ ሆና ታድጋለች።

ፊልሙን የአንዲት ልጅ አመፅ ብሎ ማንበብ ይቀናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሐያት ከፍ ያለችበት መንገድ ነው። ወንዶቹ ከሚያድኗቸው ሴት መሰል የባሕር ፍጥረቶች አንዷን ራሷ ገድላ እየጎተተች ወደ ዳርቻው ታወጣለች፤ በዚህም ከአዳኞቹ ጀልባ ላይ ቦታ ታገኛለች። እነዚያ ሴት መሰል ፍጥረቶች ግን እነማን ናቸው? ፊልሙ አፍ አውጥቶ ባይናገርም፣ ቀድመው ለውኃው የተሰጡት ልጃገረዶች እንደሆኑ ያስጠረጥራል። እንደዚያ ከሆነ ሐያት የወንዶቹን ማዕረግ የገዛችው በእህቷ ሬሳ ነው። በመንደሩ ሌሎች ልጃገረዶች አሉ፤ አንዳቸውም ግን ምስጢረኛዋ አይደሉም። ሥርዓቱን የምትገዳደረው ሴት ብቻዋን እንድትቆም ተፈርዶባታል። ይህንን እንደ ጀግንነት ብቻ ማወደስ ሥርዓቱ የሠራውን ሥራ አለማየት ነው።

ይህ የጀልባ ዓለም ለሳዑዲ ምሥራቃዊ አውራጃ ባዕድ አይደለም። ከደማም በስተሰሜን፣ በታሩት ደሴት ላይ ያለችው ዳሪን የቆየች የሉል ወደብ ናት። ሉል ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዞ፣ እግሩን በድንጋይ አክብዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ገመዱን የጨበጠው ደግሞ «ሰይብ» የሚባለው ጓደኛው ነው። ገመዱ ሲነቀነቅ ሰይቡ ቶሎ ካልሳበ ጠላቂው አለቀለት። ከሁለቱ በላይ የጀልባው አዛዥ፣ ኖኸዛው፣ አለ። የእርሱ ብድር ጠላቂውን ከዓመት ዓመት አስሮ ይይዘዋል፤ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጃፓን አርቢ ሉል ገበያውን ሲያፈርሰው፣ በ1938 ደግሞ ከደማም 7ኛ ጉድጓድ ነዳጅ ሲፈልቅ፣ ያ ኑሮ ተረት ሆነ።

ተረቱም እርከኑን ይዞ ቀረ። በባሕረኞቹ ተረት «ቡ ዳርያ» የተባለ የባሕር ጂኒ በሌሊት እየሰመጠ ያለ ሰው መስሎ ይጣራል፤ ሊረዳ የሄደው ይጠፋል። ፈተናው የወንዶች ወዳጅነት ነው፦ ለሚጣራ ወንድም ትደርሳለህ ወይስ አትደርስም? በየብስ ያሉትን ሴት አስፈሪዎች ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጆች የሚፈሯት የዘንባባ ቅጠል ለባሿ «ኡም አስ ሰዓፍ ወል ሊፍ» ባልንጀራ የላትም፤ ጠሪም ደራሽም የላትም። ወንዱ በገመድ ከሌላ ወንድ ጋር ሲታሰር ሴቷ ብቻዋን ጭራቅ ትሆናለች። ኢብራሂም ዓባስና ያሲር ባህጃት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት «ሐውጀን» የተባለው የጅዳ ልብ ወለድ እንኳ፣ የሰው ልጅ የሆነች ሴት የወደደ ጂኒ ሲያቀርብ፣ የመጽሐፉን ስምና ማዕከል የሰጠው ለወንዱ ጂኒ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የምትነሳብኝ የ«ሺህ አንድ ሌሊት»ዋ ዱንያዛድ ናት። ሁላችንም ሻህራዛድን እናወድሳለን። ይሁን እንጂ ሻህራዛድ ሚስቶቹን ወደሚያስገድለው ንጉሥ ስትገባ ታናሽ እህቷን ዱንያዛድን ታስጠራለች፤ ተረት እንድትጠይቃትም አስቀድማ ትመክራታለች። ያቺ ጥያቄ ባትኖር ንጉሡ ፊት ተረት የሚጀመርበት ሰበብ አይገኝም ነበር። አንዲቷ ሴት ጠየቀች፣ ሌላዋ ተረከች፤ የሰይፉ ቀጠሮ የተራዘመው በሁለቱ መካከል ነው። ሻህራዛድ ከሐያት ጋር ያላት ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሥነ ጽሑፍም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ የጠፋ መንትያ ወንድሟን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ሴትም ወንድ መስላት ታፈቅራታለች። ደራሲው በሁለት ሴቶች መካከል እንዲህ ያለ የተወሳሰበ ቅርበት ከፈጠሩ በኋላ በድርብ ሠርግ ይዘጉታል፦ ጦቢያ ለንጉሡ፣ ያቺ ሴት ለመንትያው ለዋሕድ። በአንዳንድ የ«ሺህ አንድ ሌሊት» ቅጂዎች ዱንያዛድም ለንጉሡ ወንድም ትዳራለች። በሁለቱም የሴቶቹ ቅርበት እንዲተርፍ የተፈቀደለት በወንዶች ዝምድና ውስጥ ገብቶ ነው።

ከዱንያዛድም በታች ያሉ ሴቶች አሉ። በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ታሪክ ንግሥቲቱ ስትወድቅ በደሉ በጥቁር ባሪያ ይመካኛል፤ የቤቱ ገረዶችም አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረው ይታረዳሉ። ዛሬም በኾባርና በደማም፣ አል ራዋቢን በመሳሰሉ ሰፈሮች፣ ከወሎና ከጅማ የመጡ እህቶቻችን የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፣ ያስተኛሉም። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አውጥቷቸዋል። ከእነርሱ አንዷ ይህን መግቢያ ብታነብ የምትፈልገው ሻህራዛድን ሳይሆን ከገረዶቹ የአንዷን ስም ይመስለኛል። እኔም ስለ ሴቶች ወዳጅነት የሚጻፍ ምናባዊ ልብ ወለድ ሁሉ እመቤቲቱና ሠራተኛዋ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ማን ማንን ተረት እንደሚጠይቅ እንዲያሳየኝ እፈልጋለሁ።