«እንኳን ደህና መጣህ» የምትለዋ ፋይል

በየኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቱ ደጃፍ አንዲት ፋይል ተቀምጣለች። ስሟ «ኮንትሪቢዩቲንግ» ነው። ማንበብ የሚወድ ሰው እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዘውግ ሊያያት ይገባል ባይ ነኝ፤ የራሷ ቋንቋ አላትና። የማንንም እገዛ በደስታ እንቀበላለን፣ ትንሽ የሚባል አስተዋጽኦ የለም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ልብ። ኮድ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ደግ ሆነው የሚጽፉበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

እኔም አምኜ ገባሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረ ገጽ ላይ ቀን ለመምረጥ የሚያገለግል አንድ ላይብረሪ (ስሙ ይቅር) የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይደግፋል ተብሎ ስሞክረው፣ ለካ ጳጉሜን አያውቅም። የወሩ ቁጥር ከ12 ከበለጠ «ስህተት» ይላል። ጳጉሜ 3 የተወለደ ሰው በዚያ ፎርም ልደቱን መሙላት አይችልም ማለት ነው። ማስተካከያው አራት መስመር ነበር። ለአራት መስመር ግን ሁለት ሌሊት ፈጀሁ። ኮዱ ከብዶኝ አይደለም፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ስሰርዝ ስደልዝ ነው። «ካጠፋሁ ይቅርታ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። ላክሁት።

ከዚያ ዝምታ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። በሦስተኛው ወር መልስ መጣ ብዬ ዘልዬ ስከፍተው ሮቦት ነው። እንቅስቃሴ ስላልታየበት ተዘግቷል ይላል። ኧረ የማን እንቅስቃሴ?

ስለ ኦፕን ሶርስና ስለ ጀማሪዎች ሲወራ ወሬው ሁሌ ስድብ ላይ ነው የሚያርፈው። ምሳሌውም ያው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ለዓመታት በአደባባይ ሰው ሲያዋርድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ይቅርታ ጠየቀ፤ ለጊዜውም ከሥራው ገለል አለ፤ ፕሮጀክቱም አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ያዘ። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ቶርቫልድስ የሚጮኸው በአብዛኛው አብረውት ለዓመታት በሠሩ ሰዎች ላይ ነበር። የተሰደበ ሰው ቢያንስ ኮዱ ተነቦለታል። ጀማሪ የሚደርሰው ስድብ እንኳ አይደለም። የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ዝም ማለትን አይከለክልም።

ኤሪክ ሬይመንድ በ1997 ባቀረበው ዝነኛ ድርሰቱ ኦፕን ሶርስን በገበያ መስሎታል። ካቴድራል ጥቂት ሰዎች ተዘግተው የሚያንጹት ነው፤ ገበያ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ይንጫጫል፣ ከጫጫታውም ጥሩ ሥራ ይወጣል። ምስሉ ይማርካል። እኔ ግን ሳነበው ትዝ ያለኝ መርካቶ ነው፤ ሰውዬው ገበያን ከውጭ ነው ያየው አልኩ። መርካቶ ለማያውቀው ትርምስ ነው። ለሚያውቀው ግን ተራ ተራ አለው፦ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። እዚያ ማንም ዝም ብሎ ተነስቶ ሱቅ አይከፍትም። አጎትህ ጋ ዕቃ ትሸከማለህ፣ ሱቅ ትጠብቃለህ፣ ሻይ ታመላልሳለህ፣ አንድ ቀን «ይሄ የኔ ልጅ ነው» ትባላለህ። ኦፕን ሶርስም በተግባር እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ኮዱ ቶሎ የሚገባለት ሰው ባለቤቱን የሚያውቅ፣ ስብሰባ ላይ አብሮት ቡና የጠጣ፣ ወይ አንድ መሥሪያ ቤት አብሮት የሚሠራ ነው። ይሄ በራሱ ወንጀል አይደለም። የሚያናድደኝ ፋይሏ ይህን አለመናገሯ ነው። መርካቶ ቢያንስ አይዋሽም (ዋጋ ላይ ካልሆነ በቀር)። እንደ አውትሪቺ ያሉ ፕሮግራሞችን የማከብረውም ለዚህ ነው፤ ለአዲስ መጪው ክፍያ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ይመድቡለታል። አጎት ለሌለው አጎት ይሰጣሉ።

የፕሮጀክት ባለቤቶች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነታቸውንም ነው። ኤክስዚ የተባለው ፋይል ማሳነሻ ሶፍትዌር ስንትና ስንት ሰርቨር ላይ ተጭኖ እያለ፣ የሚጠብቀው ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ድካሙንና የጤናውን ነገር በ2022 በግልጽ ጽፏል። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አዲስ መጪ ከ2021 ጀምሮ በትሕትና ማስተካከያ ይልክ ነበር። ሌሎች ስሞች ደግሞ «ለምን ትዘገያለህ?» እያሉ ሰውየውን ወጠሩት፤ በመጨረሻ ቁልፉን ለጂያ ታን አካፈለው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ፣ ሰርቨር ውስጥ መግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር የተደበቀ የሰርጎ መግቢያ በር አገኘ። ስለዚህ ደጅ የቆመን ሰው መፍራት ምክንያት አለው። ግን ታሪኩን መልሳችሁ እዩት። ሰውየው የተታለለው በሩን ስለከፈተ ነው ወይስ ቤት ውስጥ ብቻውን ስለነበር?

እኔ ማንበብ የምፈልገው ፋይል እንዲህ የሚል ነው፦ «አንድ ሰው ነኝ። የማነበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እንዲህ ያለውን እቀበላለሁ፣ እንዲህ ያለውን አልቀበልም። ሁለት ወር ዝም ካልኩ ረስቼ ነው፤ ቀስቅሰኝ።» ልቧ ትቅር።

እሺ፣ የራሴንም ልናዘዝ። ከዚያ ወዲህ ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የምትቀይር ትንሽ ላይብረሪ ጽፌ አውጥቻለሁ። ፋይሏንም አስቀምጫለሁ፣ ቀይ ልቧ ሳትቀር። በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማስተካከያ ላከልኝ። አንድ መስመር ለማረም ሠላሳ ፋይል ነክቷል፤ ኤዲተሩ ሁሉንም እንደገና አሰልፎበት መሰለኝ። አየሁት፣ ሰለቸኝ፣ ገጹን ዘጋሁት። 19 ቀን ሆነው። ከላይ «ካጠፋሁ ይቅርታ» ይላል።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ከፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ወንድሜ፣ ሐሳብህ ትክክል ነው፤ ግን እንዲህ ሆኖ አልቀበለውም። ያረምካትን አንዷን መስመር ብቻ ለይተህ ላክልኝ። እንዴት እንደምትለይ ከታች አለልህ።» አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።

እስካሁን አልመለሰልኝም።