የተጻፈ ነፋስና የተቀዳ ነፋስ

ስለ ደን በሚሰናዱ የሬዲዮ ዝግጅቶች ውስጥ የቀደምት የተፈጥሮ ጸሐፍት ሥራ ሲነበብ፣ ከሥሩ የነፋስና የወፍ ድምፅ ማጀብ የተለመደ ነው። ልማዱ ጽሑፉን ይጎዳል ባይ ነኝ።

ለአብነት ጆን ሚዩርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው «የካሊፎርኒያ ተራሮች» በተሰኘው መጽሐፉ፣ በዲሴምበር 1874 በሴራ ኔቫዳ ደን የገጠመውን ዐውሎ ነፋስ ይተርካል። ደራሲው መጠለያ አልፈለገም፤ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ዛፍ ጫፍ ወጥቶ ለሰዓታት አብሮት ይወዛወዛል። ደጋግሞም ዐይኑን ይጨፍናል፤ ድምፁን ብቻ ለማጣጣም። የግንዱንና የራቁቱን ቅርንጫፍ ወፍራም ድምፅ፣ የጥዱን ፉጨት፣ ቅጠል ከቅጠል ሲጋጭ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ አንድ በአንድ ነጥሎ ያሰማናል። የገለጻው ኃይል በዚህ ነጠላ ላይ የቆመ ነው።

የተቀዳው ነፋስ ግን ወጥ ጩኸት ነው፤ ደራሲው የለየውን መልሶ ይደባልቀዋል። ዘመኑንም ያጠፋል፦ የዛሬ ነፋስ ከ1874ቱ ገለጻ ጋር ሲገጥም፣ አድማጩ የዛሬውን ደን የሰማ ይመስለዋል። (አዘጋጁ ዓመተ ምሕረቱን መግቢያው ላይ ቢጠቅስም፣ ጆሮ ከቁጥሩ ይልቅ ድምፁን ያምናል።) ነፋሱ ከንባቡ አስቀድሞ ተሰምቶ፣ ንባቡ ሲጀመር ቢቋረጥ ግን አልቃወምም።

ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ችግሩ ይብሳል። ተርጓሚው «ሽው»፣ «ኮሽ»፣ «ሲጥ» እያለ የሚመርጣቸው ቃላት ራሳቸው ድምፅ ናቸው፤ ማጀቢያው የሚሸፍነውም እነሱን ነው።