የቀጠነው ጽድ

ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቅ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ አንድ ጽድ በሁለት ዓመት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቀጠነብኝ። ዛፍ እንዲህ አይከሳም። መዝገቡን ሳገላብጥ ጥፋቱን ከራሴ አገኘሁት። ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከላይኛው በኩል ተቁሞ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ደክሞኝ ከታች በኩል ቆሜ ኖሯል፤ ሜትሩ ወደ ግንዱ ወፍራም እግር ወርዷል።

ከዚያ ወዲህ በለካሁበት ላይ በቀለም አሰምራለሁ። ቄሰ ገበዙ ቀለሙን ሲያዩ ደነገጡ። «ልጄ፣ ይኼ ዛፍ ምን አጠፋ?» እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር ምልክት የተደረገበት ዛፍ ሊቆረጥ ነው። «አባ፣ ስንመለስ እንድናገኘው ነው» አልኳቸው። «እኛማ ያለ ቀለምም እናውቀዋለን» አሉ።

የአካባቢው ደኖች ከሰማይ ሲታዩ ደህና ናቸው። ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ያነሷቸው የአየር ፎቶዎች ከቅርብ ጊዜዎቹ ጋር ሲተያዩ፣ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች አብዛኞቹ በቦታቸው አሉ፤ ሰፍተው የሚታዩም አይጠፉም። የሰፉት ግን ብዙውን ጊዜ ዳር ዳሩን በተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። በደንና በማሳ መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ተመናምኗል።

እኔ የማምነው ተንበርክኬ ያየሁትን ነው። መርፌ የምታህል የጽድ ቡቃያ ከሣር ለመለየት ዐይን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉልበትም ይፈልጋል፣ በተለይ በክረምት ጭቃ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል፤ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም፤ ወቅቱን ጠብቆ ካልበቀለ ቀረ። የበቀለውን ደግሞ ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። በአጥር የተከለለ ቦታ ላይ ቡቃያ በተሻለ እንደሚተርፍ ዶክተር ዓለማየሁ በሙከራቸው አሳይተዋል። ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደኑን በካብ ያጠሩ አጥቢያዎችም አሉ፤ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑ ከከብት ይድናል።

አጥር በሌለው ደን ሽማግሌ ዛፍ ሞልቷል፤ ከእግሩ ሥር ቡቃያም አይጠፋም። ከወገቤ እስከ ቁመቴ የሚደርስ ወይራ ፍለጋ ግን ግማሽ ቀን ዞሬ፣ ቅጹ ላይ ዜሮ ጽፌ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ዜሮ መጻፍ ያሳፍራል፤ ሥራ የፈታህ ያስመስላል።

የጽዱን የቀድሞ ልክ አልሰረዝኩትም። ጎኑ ላይ «ከታች በኩል ተቁሞ» ብዬ ጽፌበታለሁ።