ዝገቱን አየነው፣ ድምፁንስ?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። ረጅም ምሰሶ ላይ የተሰቀለ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ምን እንደሆነ ቶሎ የማይገባ ብረት። አንዳንዱ የወፍ ቤት ይመስላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ትልቅ የሽቦ መጠቅለያ። የሚያድኗቸው ሰዎችም በእነዚሁ ስሞች ነው የሚጠሯቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የቀሩ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች ናቸው። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ለሙከራ ይጮኹ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ሙከራው ቆመ። ማውረዱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ መተዉ ግን ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ።

«የሚያድኗቸው» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ከመንገድ መንገድ እየዞሩ ሳይረን የሚፈልጉ፣ ፎቶ የሚያነሱ፣ ካርታ ላይ ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ሥራቸውን እወደዋለሁ። ዓይነቱን፣ የመንገዱን ማዕዘን፣ የዝገቱን መጠን፣ ሽቦው መቆረጡን አለመቆረጡን ሁሉ ይመዘግባሉ። እኔ የምተዳደረው በሶፍትዌር ነው፤ ማንም የማይጠራው ግን ማንም ለመሰረዝ የማይደፍረው ኮድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ መዝግቦ ማስቀመጥ ቀላል ሥራ አይደለም።

ፎቶዎቹ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሁሉም አንድ ናቸው። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ያያል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ብረቱ ዝጓል፣ ሰው የለም። ሳይረኑ ሐውልት ሆኗል። ያምራል፣ ልክ ነው። ግን ሳይረን ለዓይን አልተሠራም እኮ።

እስቲ አሠራሩን እንየው። ዙሪያውን ክፍተቶች ያሉት ጎማ፣ እንዲሁ ክፍተት ባለው ሽፋን ውስጥ ይሽከረከራል፤ አየሩን እየቆራረጠ ይገፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይወፍራል። በቃ ይኸው ነው። በ1950ዎቹ ክራይስለር የሠራው ግዙፍ ሳይረን ይህንን ጎማ የሚያዞረው ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ 180 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበር። 30 ሜትር ርቀት ላይ 138 ዴሲቤል ይደርሳል። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ሳይረን ማለት ምሰሶው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ክብ ነው። በዚያ ክብ ውስጥ የሚኖሩ፣ የሚሠሩ፣ የሚማሩ ሰዎች ናቸው። ፎቶው የክቡን መሐል ይሰጠናል፣ ክቡን ያስቀረዋል።

ከድምፁም በላይ የጠፋ ነገር አለ፤ ውሉ።

የእድር ጥሩንባን አስቡት። ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባ ነፊው በሰፈሩ ሲያልፍ፣ ድምፁ ብቻውን «እገሌ ሞተ» አይልም። ሰሚው ግን ያውቃል። ድንኳን የሚተክለው ይነሳል፣ ቀብር የሚቀረው መቀጫ እንዳለበት አይዘነጋም። ከጥሩንባው ጀርባ የአባላት መዝገብ፣ ደንብና ይሉኝታ አሉ። ጥሩንባውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ፎቶ ብናነሳው እድሩ አይታይም። ሳይረኑም የመንግሥት ጥሩንባ ነበር። ሳይቋረጥ በአንድ ቃና ከቀጠለ «ሬዲዮ ክፈቱ»፣ ለ3 ደቂቃ ከፍ ዝቅ እያለ ካለቀሰ «ጥቃት ነው፣ ተሸሸጉ»። ይህንን ሰው ማስተማር ብረቱን ከመስቀል የሚከብድ ሥራ ነበር።

ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ሁለት ከተሞች አሳይተውናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሌሊት፣ ዳላስ ውስጥ አንድ ሰርጎ ገብ የከተማውን 156 ሳይረኖች በሙሉ አስጮኻቸው። ሳይረኖቹ በትክክል ሠሩ። ሰዉ ግን ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቀ ከ4,000 ጊዜ በላይ ወደ 911 ደወለ። የላሃይናው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ነሐሴ 8 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. እሳቱ የሃዋይዋን ከተማ ሲበላ ሳይረኖቹ አልጮኹም። ኃላፊው ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት፣ እዚያ ሳይረን የሚታወቀው በሱናሚ ነው፣ ሕዝቡ ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ እሳቱ ይሮጥ ነበር የሚል ነው። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። መልሱ ያሳምንም አያሳምንም፣ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ትርጉሙ ያልተነገረ ጩኸት ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

«ዛሬ ስልክ አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ስልክ ግን ቋንቋ ይመርጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2023 ለስልክ ማስጠንቀቂያዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ በ13 ቋንቋዎች አብነት እንዲዘጋጅ ወስኗል። ዝርዝሩ ላይ አረብኛ አለ፣ ጣልያንኛ አለ፣ አማርኛ የለም። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለውን ሰፈር ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመች ከተማ ናት። እዚያ ላሉ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት፣ ስልካቸው ላይ የሚመጣው መልእክት ከሳይረኑ ጩኸት በምን ይሻላል? ሁለቱም ያስደነግጣሉ፤ ሁለቱም ምን እንደሚደረግ አይነግሯቸውም። ሳይረኑ ቢያንስ የጎረቤትን በር በአንድ ጊዜ ያስከፍታል፣ መጠየቅም ይቻላል።

ይህን ያልኩት ሳይረኑ ይመለስ ለማለት አይደለም። መስማት ለተሳነው ሰው ያኔም ዝም ያለ ብረት ነበር። የምለው ምዝገባው ግማሽ ላይ ቆሟል ነው። ፎቶው ይቀጥል፣ ግን ከምሰሶው አጠገብ ያለውን በር ማንኳኳት ይጨመርበት። ዓርብ ጠዋት ሲጮህ የት ነበሩ? ምን አድርጉ ተብለው ነበር? እውነት መስሏችሁ የሮጣችሁበት ቀን ነበር? በ1984 የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ሃምሳውን አልፏል። ብረቱ ገና ብዙ ዓመት ይዝጋል፣ ለፎቶ ይደርሳል። የሰሙት ሰዎች ግን እንደ ብረቱ አይቆዩም።